ቃል ሳልቀበል የበላሁት ፉፉ

ለሽምግልና ሄጄ ጉዳዬ ሳይሰማልኝ እህል የቀመስኩት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም አዲስ አበባ፣ አንዲት የጋና ሴት በከፈተችው ትንሽ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ወሬው ደብረ ማርቆስ እስኪደርስ እግር አውጥቶ "አያሌው ሆዱን ወዶ ሽምግልናውን በወጥ ለወጠ" ተብሏል። ሰው የፈለገውን ይበል። እኔ የሆነውን ሳላሳምር እነግራችኋለሁ፣ ፍርዱን እናንተ ስጡ።

ሥራዬ እዚያው ደብረ ማርቆስ ወፍጮ ቤት ነው። ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ወሬ አይርበውም። እህሉ እስኪፈጭለት ተራ የሚጠብቅ ሁሉ የቤቱን ጉድ ይዘረግፋል፤ ማን ከሚስቱ እንደተኳረፈ፣ ማን ከወንድሙ ጋር በድንበር እንደተካሰሰ፣ የማን ልጅ ለጋብቻ እንደደረሰች። ስሰማ ስሰማ መካሪ ሆንኩ፣ ስመክር ስመክር ሽማግሌ ሆንኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለስንቱ ሚስት እንደጠየቅሁ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። እልኸኛም ነኝ፤ ይህን ሚስቴ ሳትጠየቅ ትመሰክራለች።

ሥርዓታችንን ታውቁታላችሁ። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ተቀመጥ ቢሉት አይቀመጥም፣ ብላ ቢሉት አይበላም። "ጉዳያችን ይቅደም" ይላል። ጉዳዩን ተናግሮ ደህና ቃል ሲያገኝ ነው የሚቀመጠው። አንዳንዱ ሽማግሌ ይህን ለወጉ ያህል ይላትና "እስቲ አረፍ በሉ" ሲሉት ቶሎ ብሎ ያርፋል። እኔ እንደዚያ አይደለሁም። እዚያው ጎጃም፣ ቁይ ከተማ ላይ አንድ ጊዜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በእግሬ ቆሜ ልጅቱን አስሰጥቻለሁ። በዚያ ነገር እኮራ ነበር፤ አሁን ሳስበው ከሙሽሮቹ ይልቅ መቆሜን ነበር የምወደው።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ እህቴ ደብሬ ከደብረ ኤልያስ ድረስ መጣችብኝ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት አንድ ልጅ ይበልጣል ነው። አዲስ አበባ ፍሪጅ እየጠገነ ይኖራል። የአንድ ምግብ ቤት ፍሪጅ ሊጠግን ሄዶ የባለቤቷን ልጅ ወደደ። ልጅቷ አቤና ትባላለች፤ ጋናዊት ናት። እናቷ ግሬስ ትባላለች፤ ሰፈሩ ሁሉ "ማሚ ግሬስ" ይላታል። ባሏ በሥራ ተመድቦ አዲስ አበባ አምጥቷት ነበር። እሱ ሲሞት ልጇን ለማሳደግ ብላ ያገሯን ምግብ ማብሰል ጀመረች፣ ቀረችም። አሁን ግን ለገና ቤቱን ዘግታ፣ ልጇን ይዛ ወደ አገሯ ልትመለስ ተነሥታለች።

"ልጅቷ እናቴ ካልፈቀደች አላገባም ብላለች" አለችኝ ደብሬ። "እናቷ ይዛት ከሄደች ደግሞ ይበልጣል ይከተላታል። ያንን ባሕር ከተሻገረ ልጄን ሞቼም አላየው። አንተ ሂድና ጠይቅልኝ ወንድሜ።"

"ለመሆኑ አንቺ ወደሻታል?" አልኳት።

"ኧረ ተወኝ እቴ! የወደድኩት ልጄን ነው" አለች።

ሽማግሌ ሦስት ነው ወጉ። ሦስተኛችን መንገዱን ፈርቶ ቀረ። አልፈርድበትም፤ በዚህ ዘመን መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲሉት ነገ ይዘጋል። ስለዚህ እኔና መሪጌታ እንደሻው ሁለታችን ሄድን። መሪጌታ ሰባ ያለፋቸው፣ ቅኔ ያስተማሩ፣ ቀልዳቸው የማይነጥፍ ሰው ናቸው። ዓባይን ስንሻገር "እንግዲህ አያሌው፣ እኛም እንደ ሐዋርያት ወደ አሕዛብ ተላክን" አሉኝ። "ኧረ እነሱም ክርስቲያን ናቸው አሉ" ብላቸው፣ "እንዲያማ ከሆነ ሥራው ቀለለ" አሉ። አልቀለለም።

ቅዳሜ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ደረስን። ይበልጣል በሩቅ አሳይቶን ተመለሰ፤ የሚጠየቅለት ልጅ ከሽማግሌ ጋር አይገባም። ቤቱ የአንድ ፎቅ ምድር ቤት ነው። ሰባት ጠረጴዛ፣ አበባ ያለው የላስቲክ ጠረጴዛ ልብስ፣ ግድግዳው ላይ ኳስ የሚያሳይ ቴሌቪዥን። ደንበኛው ከየአገሩ የመጣ ሰው ነው፤ ነጋዴው፣ ተማሪው፣ መንገደኛው። ሁሉም ጮክ ብሎ ያወራል፣ ሁሉም በእጁ ይበላል። የደረቅ ዓሣና የዘይት ሽታው ገና ከደጁ ይቀበላል። እኛ ጋቢያችንን እንዳጣፋን፣ መሪጌታ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ገባ ብለን በሩ አጠገብ ቆምን። አቤና ትሪ ይዛ ስትወጣ አየችንና ትሪውን እንደያዘች ወደ ማጀት ተመለሰች። ይቺስ የእኛው አገር ልጅ ናት አልኩ በልቤ።

እናቷ እጇን በፎጣ እየጠረገች ወጣች። ቁመቷ ረጅም፣ ሰውነቷ ደልደል ያለ፣ ፊቷ የማይስቅ ሴት ናት። አማርኛዋን ከገበያ ነው የለመደችው፤ ይፈሳል፣ ግን አንቱታ የሚባል ነገር የለበትም።

"እንኳን ደህና መጣህ። ቁጭ በል" አለች መሪጌታን።

መሪጌታን "አንተ" ያላቸው የመጨረሻው ሰው እናታቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። መልሱን እኔ ሰጠሁ።

"እግዜር ይስጥልን እመቤቴ። ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።"

"ወንበር አለ እኮ።"

"ወንበር ጠፍቶ አይደለም።"

ገብታ ሁለት ብርጭቆ ውሃ በትሪ ይዛ ተመለሰች። "ውሃ ጠጣ" አለችኝ።

"ጉዳያችን ይቅደም፣ እመቤቴ።"

"ስማ" አለች፣ ትሪውን ከደረቴ ሳታርቅ። "በኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ይቀመጣል፣ ውሃ ይጠጣል። ከዚያ ነው 'ምን አመጣህ?' የምለው። ውሃ ያልጠጣ ሰው ምንም አይናገርም። ውሃ እንቢ ያለ ሰው ለጠብ ነው የመጣው።"

"በእኛ አገር ደግሞ ቃል ሳይሰማ የበላ ሽማግሌ ጠያቂ ሳይሆን ለማኝ ነው" አልኩ።

"እንግዲያ ቁም" አለች። ትሪውን አጠገባችን ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ቆምን። የምሳ ሰዓት ነው፤ ገቢው "ይቅርታ" እያለ በግራ፣ ወጪው "ይቅርታ" እያለ በቀኝ ይገፋናል። ማሚ ግሬስ በመካከላችን ሰሃን እያሳለፈች ታስተናግዳለች፤ ምሰሶ እንኳ እንደዚያ አይረሳም። አንድ ሰዓት አለፈ። አንዱ ጎረምሳ ተነሥቶ ለመሪጌታ ወንበሩን ሰጣቸው። "ተባረክ ልጄ" ብለው ወንበሩን መልሰው ሰጡት።

"አያሌው" አሉኝ በጆሮዬ፣ "ይቺ ሴትዮ የቁይ ሰው አይደለችም። በመቆም የምትሸነፍ አትመስልም።"

"እስከ ማታም ቢሆን እንቆማለን" አልኩ።

"አንተ ትቆም ይሆናል፤ እኔን ግን ተሸክመህ ነው የምትመልሰኝ።"

ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ሰው ቀለል ሲል ማሚ ግሬስ ተመልሳ መጣች። ውሃውን አየችው፤ እንዳለ ነው። ከዚያ እኔን ብቻ አየችኝ።

"አንተን አውቅሃለሁ" አለች።

"አንተዋወቅም እመቤቴ።"

"አውቅሃለሁ። ልጄ ከማጀት አሳይታኛለች። ሆድህ የሚያመው አንተ ነህ።"

እዚህ ላይ አንድ የደበቅኋችሁ ነገር አለ። ከመጀመሪያው መናገር ነበረብኝ፤ ሐፍረት ይዞኝ ነው። መስከረም ላይ፣ ለመስቀል፣ ይበልጣል አቤናን ከእናቱ ጋር ሊያስተዋውቅ ደብረ ኤልያስ አምጥቷት ነበር። እኔም ለበዓሉ እዚያው ነበርኩ። ልጅቷ በሁለተኛው ቀን ማጀት ገብታ፣ ከአዲስ አበባ በያዘችው ቅመምና ደረቅ ዓሣ ያገሯን ቀይ ሩዝ ሠርታ አቀረበች። ከአሥር የማናንስ ሰዎች ከበን ተቀምጠናል። ሁሉም እጁን ታጥቦ እኔን ያያል፤ የቤቱ ታላቅ እኔ ነኛ! ሽታው እንግዳ ሆነብኝ፣ ዓሣው ከነጭንቅላቱ ነው፣ ደግሞም ማን ያውቃል ምን እንዳለበት አልኩ። "እኔን ዛሬ ሆዴን አሞኛል፤ እናንተ ብሉ" ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። አላመመኝም። እኔ እጄን ስሰበስብ አንዱ "እኔም ቅድም በልቻለሁ" አለ፣ ሌላው አሞሌ እንደሰረቀ ሰው አንገቱን ደፋ፣ ሰሃኑ እንደመጣ ተመለሰ። በማግስቱ ማለዳ እህቴ ለውሻው ገለበጠችው። ነገሩ በዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር።

"ልጄ በመስኮት እያየች ነበር" አለች ማሚ ግሬስ። ድምጿን አላነሣችም። "ውሻው ሲበላ አየች። እዚህ መጥታ ነገረችኝ። አላለቀሰችም። 'ማሚ፣ ሩዙ ጥሩ ነበር' ብቻ ነው ያለችው። አሁን ደግሞ መጥተህ በቤቴ ውሃ አልጠጣም ትላለህ።"

መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። ይህን ነገር እሳቸውም አያውቁም ነበር። "ሥርዓታችን ነው" እንዳልል የመስከረሙ ሥርዓት አልነበረም፤ ውሸት ነበር። ብርጭቆውን አነሣሁና ጨርሼ ጠጣሁት፣ ወንበር ስቤም ተቀመጥኩ። መሪጌታ ተከተሉኝ።

ምግቡን ራሷ አመጣችው። ፉፉ ይሉታል፤ እንደ ልሙጥ ገንፎ ያለ ድብልብል ነገር ነው፣ በዙሪያው ቀይ የዓሣ ሾርባ። አገሯ ከካሳቫ ይሠራል አሉ፤ እሷ በቡላ ነው የምታገነፋው። በቀኝ እጅ ቆርሰህ፣ በሾርባው ነክረህ፣ ሳታኝክ መዋጥ ነው። እኔ አኘክሁ፤ ከጥርሴ ጋር ተጣበቀ። በርበሬው ከእኛው በርበሬ ጋር ዝምድና የለውም፤ ቆይቶ ነው የሚነሣው፣ ከተነሣ አይቀመጥም። መሪጌታ ዓሣውን ገልበጥ አድርገው አዩና "ዓሣስ ሐዋርያትም በልተውታል" ብለው አማትበው ጀመሩ። ሁለታችንም በላን። እሷ ክንዷን አጣምራ ቆማ ታየናለች።

ስንጨርስ እጃችንን አስታጠበችን። "አሁን ምን አመጣህ?" አለች።

ተነሥቼ ቆምኩና የማውቀውን ሁሉ አሳምሬ ተናገርኩ። ልጃችን ልጅሽን ወዶ፣ እኛም ዝምድናሽን ፈልገን፣ ከጎጃም ድረስ መጥተናል፤ ልጅሽን ለልጃችን ስጪን አልኩ። አንቱታው ራሱ ጠፍቶብኝ ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

"አልሰጥም" አለች።

"እመቤቴ፣ ውሃሽን ጠጣን፣ ምግብሽን በላን..."

"በላህ። አዎ። እኔ እዚህ ቆሜ፣ ነገሩን ነግሬህ፣ አሳፍሬህ በላህ። ልጄ አንተ አገር ስትኖር እኔ አጠገቧ የለሁም። ማን ያሳፍርሃል?"

ጋቢያችንን አጣፍተን ወጣን። ታክሲ ስንጠብቅ፣ "የመጀመሪያ ቀን እምቢታ እምቢታ አይደለም፤ እኛም አገር ደጅ ያስጠናል" አሉኝ መሪጌታ ሊያጽናኑኝ። ቀጠሉና "የበላኸው ግን እውነትም ደጅ የሚያስጠና ነው" አሉ።

ለይበልጣል ከመስከረም ጀምሮ ያለውን ሁሉ ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። "ውሻው ሲበላ እኔም አይቻለሁ፣ አጎቴ" አለኝ። "ዝም ያልኩት እናንተን ላለማሳፈር ነው። ለእሷ ቆሜ መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።" ከዚህ የባሰ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መሪጌታን ዘመዳቸው ቤት ትቼ ብቻዬን ተመለስኩ። ጋቢዬን አልለበስኩም፤ በኮት ነው የሄድኩት። ገብቼ እንደ ማንኛውም ሰው ተቀመጥኩ። አቤና መጣች፤ ዓይኗን አላነሣችም።

"ውሃ ስጪኝ ልጄ። ከዚያ ያን ቀይ ሩዝ" አልኳት።

ትንሽ ቆመች። ሄደች፤ ይዛ መጣች። ዓሣው ከነጭንቅላቱ ነው። ሁሉንም በላሁ። እናቷ ከማጀቱ በር ሁለት ጊዜ ብቅ ብላ አየችኝ፤ አላናገረችኝም፣ እኔም አላናገርኳት። የበላሁበትን ከፍዬ ወጣሁ።

ሰኞም ሄድኩ። ይበልጣል "አጎቴ፣ መንገዱ ከተዘጋ እዚህ መቅረትዎ ነው" ቢለኝም ሄድኩ። ፉፉ አዘዝኩ። ሰኞ ቀን ሰው አይበዛም። ግማሽ ያህል እንደበላሁ በርበሬው ተነሣብኝና ዓይኔ እንባ ሞላ። ቀና ስል ማሚ ግሬስ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች።

"ዛሬ ማን ላከህ?"

"ማንም አላከኝ።"

"ምግቡ ጥሞሃል?"

መዋሸት ቀላል ነበር። "እውነቱን ልንገርሽ?" አልኩ። "በርበሬሽ ገድሎኛል። ዓሣውንም ገና አልለመድኩትም። ሩዙ ግን እውነትም ጥሩ ነው። ያን ቀን ብቀምሰው ኖሮ ጥሩ መሆኑን አውቅ ነበር፤ እኔ ብበላ ደግሞ ሌላውም ይበላ ነበር። ልጅሽን ያዋረድኳት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።"

ሰሃኔን አየት አደረገችና ጠየቀችኝ። "እህትህስ? ትበላለች?"

"ትበላለች ብዬ አልምልልሽም። እልኸኛ ናት፤ ዘራችን ነው። እኔ ግን አጠገቧ ተቀምጬ እበላለሁ።"

"ሁሉ ሰው እያየህ?"

"ሁሉ ሰው እያየኝ። ቀድሜ።"

ተነሥታ እጇን ታጠበች። ተመልሳ ተቀመጠችና ቀኝ እጇን ወደ እኔ ሰሃን ሰደደች፤ ቆረሰች፣ ነከረች፣ ዋጠች። እኔም ቆረስኩ። የቀረውን ሁለታችን ጨረስነው። ከዚያ ወደ ማጀቱ ዞራ በአገሯ ቋንቋ ተጣራች። አቤና መጥታ አጠገቧ ቆመች።

"ያንን ሽማግሌ ይዘህ ነገ ና" አለችኝ እናትየዋ። "ውሃውን ትጠጣለህ። ከዚያ ደግመህ ትጠይቀኛለህ። የነገውን መልስ እኔ አውቀዋለሁ፤ አንተ ግን ደህና አድርገህ ጠይቅ።"

በማግስቱ ማክሰኞ ውሃውን ጠጥተን ጠየቅን፣ ሰጠችን። ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። ማሚ ግሬስም ቤቷን አልዘጋችም።

እናንተ አንባቢዎች ሆይ፣ "ታዲያ ምን ተለወጠ?" ብትሉኝ ብዙ የምነግራችሁ የለኝም። አሁንም ወፍጮ ቤት አለሁ፣ አሁንም ለሽምግልና ይልኩኛል። የሚልኩኝ ግን ከድሮው ያነሱ ናቸው፤ "ከበላ ይሸነፋል" የሚሉ አሉ። ሰው ቤት ስገባ ውሃ ከሰጡኝ እጠጣለሁ፣ ወንበር ከሰጡኝ እቀመጣለሁ፣ ከዚያ እጠይቃለሁ። ሥርዓት ከንቱ ነው አልላችሁም፤ መሪጌታም ይረግሙኛል። እኔ ግን ከሥርዓት ጀርባ ተሸሽጌ ስንት ነገር ሳልቀምስ እንደመለስኩ ካወቅሁ ወዲህ ራሴን እጠረጥራለሁ። እናንተም "ሆዴን አሞኛል" ባላችሁ ቀን ማን በመስኮት እያየ እንደነበር አታውቁም። የእኔን የነገረኝ ሰው በመገኘቱ ዕድለኛ ነኝ።

ከሠርጉ በኋላ፣ በመልሱ ማግስት፣ አቤና ደብረ ኤልያስ ላይ ለቤተ ዘመዱ ፉፉ ሠራች። ሰሃኑ መካከላችን ተቀመጠ፤ ሁሉም እጁን ታጥቦ እኔን አየ። ቆርሼ ነከርኩና ዋጥኩ። አሁን ሳላኝክ ነው የምውጠው። ደብሬ ሰሃኑን አየች፣ ሙሽራዋን አየች፣ ትንሽ ቆርሳ አፏ ውስጥ ከተተች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዓይኗ ፈጠጠ።

"አንተ! ይህን ነው እዚያ ስትበላ የከረምከው?"

"ይህንኑ ነው።"

"ውይ በሞትኩት!" አለች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። አቤና ደንግጣ ልታነሣው እጇን ወደ ሰሃኑ ስትሰድድ፣ ደብሬ እጇን ያዝ አደረገቻት።

"ተይው ልጄ፣ መች ጨረስኩ" ብላ ደግማ ቆረሰች።